ያለ ስኳር፣ ያለ ቅመም፦ ሻይ ቅጠልን ቀምሶ የማወዳደር መመሪያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከቦንጋ የተመለሰ ዘመዴ የውሽውሽ ሻይ ቅጠል በስጦታ አመጣልኝ። ቤት ውስጥ ከናይሮቢ የመጣ ሌላ ሻይ ቅጠል ነበረኝ። ሁለቱን በአንድ ጠዋት በሁለት ማንቆርቆሪያ አፈላኋቸው፤ በሁለቱም ላይ እንደ ልማዴ ቀረፋና ቅርንፉድ ጣል አደረግሁ፣ ስኳርም ጨመርኩ። «የኬንያው ይበልጣል» ብዬ ፈረድኩ፤ ለጎረቤትም ነገርኩ። ከቀናት በኋላ የእያንዳንዱን አንድ ማንኪያ በሚዛን ስለካ የኬንያው ደቃቅ ስለሆነ ማንኪያውን ጠቅጥቆ ሞልቶት ነበር፤ የውሽውሹ ደግሞ ገለጥ ገለጥ ያለ ቅጠል ስለነበር ክብደቱ ግማሽ ያህል እንኳ አልሞላም። ያን ጠዋት የፈረድኩት በመጠን ላይ ነበር። ሻዮቹን ገና አልቀመስኳቸውም ነበር።

እኛ ሻይን ያወቅነው በቅመም ታጅቦ ነው። ቀረፋው፣ ቅርንፉዱ፣ ኮረሪማው፣ ከሁሉም በላይ ስኳሩ ከቅጠሉ ፊት ይቆማሉ። ይህን አጠጣጥ እወደዋለሁ፤ በመጨረሻም እመለስበታለሁ። ቅጠሉን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ግን ለአንድ ሰዓት ያህል ቅመሙን አስቀምጦ፣ ቅጠሎቹን ጎን ለጎን ደርድሮ፣ ከቅጠሉ በቀር ሌላውን ሁሉ እኩል አድርጎ መቅመስ አለበት። የቡና ቅምሻ ያየ ሰው ሐሳቡ ወዲያው ይገባዋል። ከዚህ በታች ያለው እኔ ቤቴ ውስጥ የምሠራበት መንገድ ነው።

ምን ከምን ጋር ይወዳደር?

አረንጓዴ፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ ኡሎንግ የሚባሉት ሻዮች ሁሉ የሚገኙት ከአንድ ተክል ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ካሜሊያ ሲነንሲስ ነው። ተክሉ ሁለት ዋና ዘሮች አሉት። አንደኛው ቅጠሉ ትንሽ የሆነውና ብርድ የሚችለው የቻይናው ነው፤ ሁለተኛው ሙቀትና ዝናብ የሚወደው ባለ ትልቅ ቅጠሉ የአሳሙ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ልዩነት የሥራ ውጤት ነው። ጥቁር ሻይ ከተለቀመ በኋላ እንዲጠወልግ ይደረጋል፣ ይታሻል ወይም ይደቅቃል፣ ከዚያም የተቆረጠ ፖም እንደሚጠቁረው ከአየር ጋር ተገናኝቶ ይጠቁራል፤ በመጨረሻ በሙቀት ይደርቃል። አረንጓዴው ግን ቶሎ በእንፋሎት ወይም በብረት ምጣድ ስለሚሞቅ መጥቆሩ ይገታል። ኡሎንግ በሁለቱ መካከል ያለ ነው።

ጀማሪ አረንጓዴን ከጥቁር ጋር እንዲያወዳድር አልመክርም። ጠላንና ጠጅን እንደማወዳደር ነው፤ ልዩነቱ ገና ሳይቀመስ ስለሚታወቅ ምላስ የሚማረው ነገር የለም። የሚያስተምረው በሚቀራረቡት መካከል ያለውን ልዩነት መፈለግ ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ አራት ጥቁር ሻዮችን ይያዙ። የእኔ ምርጫ እነዚህ ናቸው።

የመጀመሪያው የራሳችን ነው፤ ውሽውሽ ወይም ጉመሮ። ውሽውሽ በካፋ፣ ቦንጋ አቅራቢያ ነው፤ ጉመሮ ደግሞ በኢሉባቦር፣ ጎሬ አቅራቢያ። ሁለቱም ደጋማና ዝናባማ በሆነው የደን አገር ናቸው። የቡና መገኛ በሆነችው በካፋ ምድር ሻይም እንዲህ አምሮበት ማደጉ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ሁለተኛው የኬንያ ነው። ሻይ ኬንያ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተተከለው በ1903 እ.ኤ.አ. ሊሙሩ ላይ ሲሆን ዛሬ አገሪቱ በዓለም ከፍተኛ ሻይ ላኪዎች መካከል ናት። ሦስተኛው ከሰሜን ምሥራቅ ሕንድ፣ ከብራህማፑትራ ሸለቆ የሚመጣው አሳም ነው። አራተኛው የስሪ ላንካ ደጋ ሻይ ነው፤ በተለይ ኑዋራ ኤሊያ ከሚባለው፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ከሚያልፈው አካባቢ የሆነ።

ስለ ስሪ ላንካ አንድ ነገር ልጨምር። ያቺ ደሴት በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቡና አገር ነበረች። በ1869 እ.ኤ.አ. ገደማ የቡና ቅጠል ዋግ ገባና በሃያ ዓመት ውስጥ እርሻውን ጠራርጎ ጨረሰው። ጄምስ ቴይለር የሚባል ስኮትላንዳዊ በ1867 እ.ኤ.አ. ሉሌኮንዴራ በተባለ እርሻ ላይ ሻይ ተክሎ ስለነበር ገበሬዎቹ መውጫ አገኙ። ሲሎን የሚለው የደሴቲቱ የቀድሞ ስም በዓለም ላይ የሻይ ስም የሆነው ቡናው ስለሞተ ነው። የኑዋራ ኤሊያን ሻይ በቀመስኩ ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል።

አዲስ አበባ ላለ ሰው የአገር ውስጡ ከየሱቁ ይገኛል፤ ሌላውን ከትላልቅ መደብሮች ወይም ከውጭ ከሚመጣ ዘመድ ማግኘት ይቻላል። በዱባይ፣ በሪያድ ወይም በለንደን ያለ አንባቢ ደግሞ ተቃራኒው ይገጥመዋል፤ አሳምና ሲሎን ከየሕንዶቹ ሱቅ ይሞላሉ፣ የእኛን ግን ከአገር ቤት ማስላክ ሳይኖርበት አይቀርም። አራቱ ካልተሟሉ በሦስት ይጀምሩ። ከስድስት በላይ ግን አይሂዱ፤ ምላስ ይደክማል።

የቅጠሉ መጠን

እኔን ያሳሳተኝ ይህ ነበርና እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጥቁር ሻይ በሁለት መንገድ ይሠራል። በነባሩ መንገድ ቅጠሉ ይጠቀለላል፤ ሲደርቅ የተጠማዘዘ ክር ይመስላል። ሁለተኛው መንገድ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. አሳም ውስጥ የተጀመረው ሲቲሲ የሚባለው ነው። ቅጠሉ ጥርስ ባላቸው ሁለት ተሽከርካሪ ብረቶች መካከል አልፎ ይጨፈለቃል፣ ይቀደዳል፣ ይጠቀለላል፤ ሲወጣ እንደ ጥቃቅን የባሩድ ፍሬ ይሆናል። በሱቆቻችን የምናየው ደቃቅና ጠጣር ሻይ ቅጠል ብዙውን ጊዜ ይህ ነው። የኬንያም አብዛኛው እንዲሁ ነው።

ደቃቁ ፊቱ ሰፊ ስለሆነ ቀለሙንና ጉልበቱን በፍጥነት ይለቃል። ሙሉው ቅጠል ቀስ ብሎ ይለቃል፤ መዓዛው ግን ብዙ ንብርብር አለው። ስለዚህ ደቃቅን ከሙሉ ቅጠል ጋር አወዳድሮ «ይህ ጠንካራ ነው፣ ያ ቀጭን ነው» ማለት ስለ አገሩም ሆነ ስለ እርሻው ምንም አይነግርም። ከተቻለ ደቃቁን ከደቃቅ፣ ሙሉውን ከሙሉ ጋር ያሰልፉ። ካልተቻለም ልዩነቱን አውቀው ማስታወሻዎ ላይ ይጻፉት።

በማሸጊያው ላይ ኦሬንጅ ፔኮ የሚል ካዩ የብርቱካን ጣዕም አይጠብቁ፤ የቅጠል መጠን ደረጃ ስም ነው። ብሮክን የሚለው ቃል ሲጨመርበት የተሰበረ ቅጠል ማለት ነው። ፋኒንግስና ደስት የሚባሉት ከሁሉም የደቀቁት ናቸው፤ በከረጢት ሻይ ውስጥ በብዛት የሚገቡትም እነርሱ ናቸው። እነዚህ ደረጃዎች መጠንን እንጂ ጥራትን በቀጥታ አይለኩም።

ዕቃው

ብዙ አያስፈልግም። እኩል የሆኑ ነጭ ሲኒዎች ወይም ጎድጓዳ ሳህኖች፣ ከሻዮቹ ቁጥር ሁለት እጥፍ፤ ግማሾቹ ለመዘፍዘፊያ፣ ግማሾቹ ለተጣራው ሻይ። ነጭ መሆናቸው ግዴታ ነው፤ የሻይ ቀለም በነጭ ላይ ካልሆነ አይፈረድም። ለእያንዳንዱ መክደኛ ያዘጋጁ፤ የሲኒ ማስቀመጫም ይሆናል። ወንፊቱ ጠቅላላ ደቃቁን የሚይዝ ይሁን። ግራም በአንድ አሥረኛ የምትለካ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን፣ ውሃ መለኪያ፣ ሰዓት፣ የሾርባ ማንኪያዎች፣ መትፊያ ዕቃ፣ ማስታወሻ ደብተር። አበቃ።

ከእነዚህ ውስጥ ገንዘብ አውጥቼ ግዙ የምለው ሚዛኗን ብቻ ነው። በማንኪያ መለካት ለምን እንደማይሠራ ከላይ አይተናል።

ውሃውና ከፍታው

የፈላ ውሃ ሁሉ እኩል አይሞቅም። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ዳርቻ ላይ ነው፤ ወደ ላይ በወጣን መጠን በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። አዲስ አበባ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ባሕር ዳር በ94፣ ድሬዳዋ በ96 ገደማ። ከዚያ በኋላ ምንም ያህል ቢንተከተክ ሙቀቱ አይጨምርም፤ እየተነነ ያልቃል እንጂ።

ይህ ለሻይ ትልቅ ነገር ነው። ዋሽንግተን ያለች እህቴና እኔ ከአንድ ከረጢት የተከፈለ አሳም በአንድ ቀን ቀምሰን በስልክ ስናወራ እርስዋ «ከባድ፣ ምላስ የሚይዝ» አለችው፤ ለእኔ ግን ለስላሳ ነበር። ሁለታችንም ትክክል ነበርን። የእርስዋ ውሃ ከእኔ በስምንት ዲግሪ ያህል ይሞቅ ነበር። ጥቁር ሻይ ጉልበቱን የሚለቀው ሙቀት ሲያገኝ ነውና ደጋ ላይ ያለን ሰዎች ሁለት ነገር ማድረግ አለብን። አንደኛ፣ ሲኒዎቹን አስቀድሞ በፈላ ውሃ ማሞቅ፤ በቀዝቃዛ ሲኒ ላይ የተገለበጠ የ92 ዲግሪ ውሃ ወዲያው ከ85 በታች ሊወርድ ይችላል። ሁለተኛ፣ ክዳን መክደን። እኔ በዚህ ላይ አንድ ደቂቃ እጨምራለሁ። ሩቅ ካለ ሰው ጋር ማስታወሻ የሚለዋወጥ ደግሞ ከፍታውን ይጻፍ።

ቀጥሎ የውሃው ይዘት ነው። ማዕድን የበዛበት ውሃ የሻዩን ቀለም ያደበዝዛል፣ ላዩ ላይም የሚሰነጣጠቅ ስስ ቅርፊት ያበጃል። ይህ ቅርፊት በሲኒ ዙሪያ ቡናማ መስመር ሆኖ የሚቀረው ነው።  በመለያው ላይ የማዕድን መጠኑ ዝቅተኛ የሆነ የታሸገ ውሃ ይጠቀሙ፤ ጋዝ ያለበትን ግን አይንኩ። ከሁሉም በላይ ለሁሉም ሻዮች አንድ ዓይነት ውሃ፣ ከአንድ ማንቆርቆሪያ፣ አዲስ የፈላ ይሁን። ውሃ በመጀመሪያ ለብቻው ይቀመስ፤ ክሎሪን ከሸተተ ሻዩም ይሸታል።

ክፍሉና አፍ

ጠዋት፣ ቁርስ ከተበላ ከአንድ ሰዓት በኋላ የሚመች ጊዜ ነው። ቡና ከቅምሻው በፊት አይጠጣ። ዕጣን የተጨሰበት፣ ሽንኩርት የሚቁላላበት ክፍል አይሆንም። ሽቶ አይቀቡ፤ እጅዎንም መዓዛ በሌለው ሳሙና ይታጠቡ። መስኮት አጠገብ ተቀመጡ፤ የቀን ብርሃን ከአምፖል ይሻላል።

መዘፍዘፍ

እኛ ሻይ እናፈላለን፤ ለቅምሻ ግን ይዘፈዘፋል። ሲፈላ መራራው ሁሉ ስለሚወጣ በጥሩውና በተራው መካከል ያለው ርቀት ይጠባል።

ለቅምሻ ሻይ የሚዘጋጅበት ዓለም አቀፍ ደረጃ አለ። አይ.ኤስ.ኦ 3103 ይባላል፤ መጀመሪያ የወጣው በ1980 እ.ኤ.አ. ነው። የሚለው ቀላል ነው፦ ለ100 ሚሊ ሊትር ውሃ 2 ግራም ቅጠል፣ ውሃው የፈላ፣ ጊዜው 6 ደቂቃ። ይህ ለመጠጣት ከሚመቸው በላይ ጠንካራ ነው። ሆን ተብሎ ነው የተደረገው፤ ጥንካሬው የሻዩን ነውርም ጸጋም ያወጣል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሲኒዎቹን ደርድረው ከሥራቸው ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ያስቀምጡ። የሞቀውን ውሃ ደፍተው ለ150 ሚሊ ሊትር 3 ግራም ቅጠል ይመዝኑ። ውሃውን በመጀመሪያው ሲኒ ላይ ያፍስሱና ሰዓቱን ያስጀምሩ፤ ከ30 ሰከንድ በኋላ ሁለተኛው ላይ፣ ከሌላ 30 ሰከንድ በኋላ ሦስተኛው ላይ፣ እንዲህ እየቀጠሉ። ሁሉም ይከደኑ። ስድስተኛው ደቂቃ (ለእኔ ሰባተኛው) ሲሞላ በዚያው ቅደም ተከተል፣ በዚያው 30 ሰከንድ ልዩነት እያጠለሉ ወደ ንጹሕ ሲኒ ይገልብጡ። ቅጠሉ ላይ የቀረው ጠብታ እስኪያልቅ ይጠብቁ፤ የመጨረሻው ጠብታ ከሁሉም የጠነከረው ነው። ዘፍዛፊው አንድ እጅ፣ ሰዓት ያዡ ሌላ ሰው ቢሆን ሥራው ይቀልላል።

አረንጓዴ ሻይ ሲያወዳድሩ ለመጠጣት በሚመቸው በ75 ወይም በ80 ዲግሪ፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ደቂቃ ይዘፍዝፉት። ሙቀት መለኪያ ከሌለ የፈላውን ውሃ በአንድ ቀዝቃዛ ዕቃ ገልብጠው ትንሽ ያቆዩት፤ እኛ ከ92 ስለምንጀምር ከባሕር ዳርቻ ሰው ይልቅ ቶሎ እንደርሳለን። የቻይና ቀማሾች ግን አረንጓዴውንም በፈላ ውሃ ይፈትኑታል፤ ነውሩ እንዳይደበቅ።

ማየትና ማሽተት

ከመቅመስ በፊት ሦስት የሚታዩ ነገሮች አሉ፤ ደረቁ ቅጠል፣ የተዘፈዘፈው ቅጠልና የተጣራው ሻይ።

ደረቁን በነጭ ወረቀት ላይ ይበትኑት። መጠኑ ተመሳሳይ ነው ወይስ ድብልቅልቅ? ግንድና ጭረት ይበዛዋል? ወርቃማ ጫፎች ከታዩ እነዚያ እምቡጦች ናቸው፤ ጥሩ ለቀማ ሁለት ቅጠልና አንድ እምቡጥ ነው። በመዳፍዎ ይዘው ትንፋሽዎን እፍ ይበሉበትና ወዲያው ያሽትቱ፤ የትንፋሹ ሙቀትና እርጥበት መዓዛውን ይቀሰቅሰዋል።

የተዘፈዘፈውን ቅጠል ሽታ አይዝለሉ። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ነው። ክዳኑን በከፈቱበት ቅጽበት አፍንጫዎን ያቅርቡ፤ ከዚያ ከሁለት ደቂቃ በኋላ፣ ደግሞ ሲቀዘቅዝ። የጥሩ ጥቁር ሻይ ቅጠል እርጥብ ሆኖ እንደ አዲስ የመዳብ ሳንቲም ይቀላል። የጠቆረ፣ የደበዘዘ ከሆነ ቅጠሉ ከአየር ጋር ከልክ በላይ ቆይቷል ወይም በማድረቂያው ተጎድቷል። አረንጓዴ ነጠብጣብ የበዛበት ደግሞ ሳይጠቁር ተቸኩሎበታል፤ አፍ ላይ ጥሬ ጥሬ ይላል።

የተጣራውን ሻይ ከላይ ይመልከቱ። ሲኒው ጠርዝ ላይ ወርቃማ ቀለበት ከታየ መልካም ነው። ሁለት ውህዶች ይህን ቀለም ይሠራሉ፦ ቴአፍላቪን ብሩህነቱንና ቀስቃሽነቱን፣ ቴአሩቢጂን ቅላቱንና ውፍረቱን። ጥቁረት ጥንካሬ አይደለም፤ ይህን ብዙ ሰው ይስተዋል።

አፍ ውስጥ

አንድ የሾርባ ማንኪያ ቀድተው ከአየር ጋር አንድ ላይ በኃይል ማግ ያድርጉት። ድምፅ ያሰማል። ልጆቻችንን «አታንቧችር» ብለን ላሳደግን ሰዎች ይከብዳል፤ ግን ምክንያት አለው። አየሩ ሻዩን ወደ ጥቃቅን ጤዛ ይበትነዋል፤ መዓዛውም በጉሮሮ በኩል ወደ አፍንጫ ይወጣል። ምላስ የሚያውቀው ጥቂት ጣዕሞችን ብቻ ነው፤ ወይን ወይን ይላል፣ ማር ማር ይላል የምንለው ሁሉ በአፍንጫ የተገኘ ነው። ሻዩን በአፍዎ ውስጥ አንድ ጊዜ አዙረው ይትፉት። አራት ሻይ እየተመላለሱ ሲቀምሱ ሁሉን ከዋጡ በካፌኑ ሌሊቱን ሊያነጉ ይችላሉ።

በመጀመሪያው ዙር ቃል አይፈልጉ፤ ዝም ብለው ከአንዱ ወደ ሌላው ይሂዱ። በሁለተኛው ዙር አራት ጥያቄ ይዘው ይመለሱ። ክብደቱ እንዴት ነው፤ እንደ ውሃ ያልፋል ወይስ እንደ ወተት አፍ ይሞላል? መራራ ነው? አፍን ይጨመድዳል? ከተፉት በኋላ ምን ይቀራል፣ ለምን ያህል ጊዜ?

መራራነትና መጨምደድ የተለያዩ ናቸው፤ ብዙ ጀማሪ ያቀላቅላቸዋል። መራራ ማለት ጌሾ ነው፣ ግራዋ ነው፤ ጣዕም ነው። መጨምደድ ግን ያልበሰለ ሙዝ ሲነከስ ምላስና ድድ ላይ የሚመጣው መድረቅ ነው፤ ስሜት ነው። በጥሩ ሻይ መጨምደዱ መጥቶ ይሄዳል፣ አፍንም ንጹሕ አድርጎ ይተወዋል። በመጥፎው ይጣበቃል።

ሲቀዘቅዝ ደግመው ይቅመሱ። ለብ ሲል ጣፋጭነቱም ነውሩም ይጎላል። አሳሙ ቀዝቅዞ ወተት የገባበት ያህል ከደፈረሰ አይደናገጡ፤ ካፌኑና ቴአፍላቪኑ ተያይዘው ነው፣ የጉልበቱም ምልክት ነው።

ቃል ከራስ ጓዳ

የሻይ መግለጫ ቃላት በአብዛኛው ከእንግሊዞችና ከቻይናውያን ጓዳ የመጡ ናቸው። ያልበላነውን ፍሬ ስም ጠርተን መግለጽ አንችልም፤ አያስፈልገንምም። ጓዳችን ሀብታም ነው።

ስለ አሳም ሲወራ የሚጠቀሰው መዓዛ የብቅል ነው። ይህን ቃል ከመጽሐፍ የሚማሩ አሉ፤ እኛ ግን እናቶቻችን ብቅል ሲያሰጡና ሲያስፈጩ ሸቶን አድገናል። አሳም የቀመሰ ኢትዮጵያዊ ከማንም በፊት ሊያውቀው ይገባል። የኬንያው ብሩህና ቀጥተኛ ነው፤ ለእኔ የሎሚ ልጣጭ ትዝታ አለበት። የኑዋራ ኤሊያው ቀጠን ብሎ የአበባ ሽታ አለው፤ ጠጅ ሣር የተነሰነሰበት ክፍል ውስጥ እንደመግባት። የውሽውሹን ለብዙ ጊዜ ቃል አጥቼለት ነበር። አሁን «የገብስ ቆሎና ቀጭን ማር» ብዬ ጽፌያለሁ፤ የእርስዎ ምላስ ሌላ ካለ የእርስዎን ይጻፉ።

ወደ ሌሎች ሻዮች ሲሻገሩ ቃሎቹ ይሰፋሉ። በምጣድ የሚታመሰው የሀንግዡ ሎንግጂንግ የሽምብራ ቆሎ ይሸታል፤ በእንፋሎት የሚሠራው የጃፓን ሴንቻ ገና የተቀቀለ ጎመን። የዳርጂሊንግ ሁለተኛ ለቀማ፣ በግንቦትና በሰኔ የሚለቀመው፣ የበሰለ ወይን ሽታ አለው፤ ትንንሽ ነፍሳት ቅጠሉን ሲመጥጡት ተክሉ በምላሹ የሚያመነጨው መዓዛ ለዚህ አስተዋጽኦ አለው። የዩናን ፑኤር ዝናብ የመታው አፈር ነው። በጥድ ጢስ የሚደርቀው ላፕሳንግ ሱቾንግ ብዙ የውጭ ሰዎችን ያስደነግጣል፤ በወይራ የታጠነ እንሥራ ለሚያውቅ ሰው ግን ቤተኛ ነው።

ነውሮችንም በስማቸው መጥራት ይልመዱ። ያረጀ ሻይ ገለባ ገለባ ይላል። እርጥበት የነካው ይሻግታል። ማድረቂያ ያቃጠለው የከሰል ጣዕም አለው። ከበርበሬ ወይም ከኮረሪማ ጋር በአንድ ቁምሳጥን የተቀመጠ ሻይ የእነርሱን ሽታ ይሰርቃል፤ ይህ የሻዩ ጥፋት አይደለም፣ የአያያዛችን ነው።

ዓይንን ሸፍኖ መፈተን

እስካሁን ማሸጊያውን አይተናል፣ ስሙን አውቀናል፣ ዋጋውንም ከፍለናል። ሦስቱም ምላስን ያሳስታሉ። ስለዚህ ሌላ ሰው ሲኒዎቹን ቦታ እንዲያለዋውጥ ያድርጉ፤ ቁጥሩ ከሲኒው ሥር ተደብቆ ይቆይ። ደግመው ቀምሰው የትኛው የትኛው እንደሆነ ይጻፉ። መጀመሪያ ላይ ከአራቱ ሁለቱን መለየት ጥሩ ጅምር ነው።

ሁለት በጣም የሚቀራረቡ ሻዮች ካሉ የሦስት ሲኒ ፈተና አለ። በሁለት ሲኒ አንዱ ሻይ፣ በሦስተኛው ሌላው ይቀዳል፤ የእርስዎ ሥራ የተለየውን ማግኘት ነው። በግምት ብቻ ከሦስት አንዴ ይሳካል፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ማግኘት ምንም አያረጋግጥም። ስድስት ጊዜ ተደርጎ አምስቱን ወይም ከዚያ በላይ ካገኙ በግምት የመሆን ዕድሉ ከሁለት በመቶ በታች ነው፤ ያን ጊዜ ልዩነቱ በእርግጥ አለ፣ ምላስዎም ይሰማዋል። ውድ ሻይ ለመግዛት የሚያመነታ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ይህን ቢሞክር እመክራለሁ።

ለሻዮቹ ነጥብ አልሰጥም። ስምንትና ሰባት ከወር በኋላ ምንም አይነግሩኝም፤ «ብቅል፣ አፍ ይሞላል፣ መጨረሻው ይደርቃል» የሚለው መስመር ግን ሻዩን መልሶ አፌ ላይ ያመጣዋል።

ወደ ቤታችን ሻይ መመለስ

አሁን ቅመሙን ያምጡ። ከየሻዩ እኩል መዝነው፣ ከአንድ ስንጥር ቀረፋና ከሁለት ፍሬ ቅርንፉድ ጋር፣ በእኩል ስኳር፣ ለእኩል ደቂቃ ያፍሉ። በባዶው ከሁሉም የላቀው እዚህ ሊሸነፍ ይችላል። የኑዋራ ኤሊያው ለስላሳ አበባ ከቅርንፉድ ጋር ሲገጥም ድምፁ ይጠፋል፤ እንዲህ ያለውን ሻይ ማፍላት ማባከን ነው። የኬንያውና የአሳሙ ግን ጸንተው ይቆማሉ። የእኛው ውሽውሽ ከቀረፋ ጋር እንዴት እንደሚስማማ ስቀምስ ልማዳችን ከቅጠላችን ጋር አብሮ ያደገ ይመስለኛል።

በወተትም እንዲሁ ይሞክሩ፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ከረክ የሚጠጡ አንባቢዎች ይህን ዙር አይለፉት። የወተት ፕሮቲን አፍ የሚጨመድደውን ነገር ስለሚይዘው በባዶው ኃይለኛ የነበረው ሻይ በወተት ይለዝባል፤ ቀጭኑ ደግሞ ነጭ ውሃ ሆኖ ይቀራል። ለወተት የሚሆነው ከገባበት በኋላ ብርቱካናማ ወርቅ የሚመስለው ነው፤ ግራጫ ከሆነ አይሆንም።

የተረፈውን ቅጠል ብርሃን በማያስገባ፣ ጥብቅ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከቅመሙ ርቆ ያስቀምጡ። በክዳኑ ላይ የተከፈተበትን ቀን ይጻፉ። ከሦስት ወር በኋላ ከዚያው ቆርቆሮ 3 ግራም መዝነው፣ አዲስ ከተገዛው ጎን ለጎን ዘፍዝፈው፣ ደብተሩን ሳይገልጡ ይቅመሱ፤ ከዚያ የዛሬውን መስመር ከፍተው ያነጻጽሩ።